ነብር ነው በይ

ደብዳቤው የደረሰው እንቁላል በሚለይበት ሰዓት ነበር። ሬዲዮ ረጅሙ ጠረጴዛ ጥግ ቆሞ የተሰነጠቀውን ከደህናው፣ ትልቁን ከትንሹ እየለየ ካርቶን ላይ ሲደረድር፣ አባቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘው ገቡ።

«ሥራ አቁሙ!» አሉ። «ስሙኝማ! ልጄ ዛሬ አፍ አውጥቷል!»

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሬዲዮ የሚባለው ስለሚያወራ አይደለም። ስሙን ያወጡለት እነሱ ናቸው፤ ባትሪው ካለቀ የቆየ ሬዲዮ ለማለት። ከዶሮዎቹ ጋር ሲሆን አፉ አይዘጋም፤ ያመማትን ያጽናናል፣ እንቁላል ያቆመችውን ይመክራል፣ ጉልቤዋን ይቆጣል። ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሴት ፊት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መኖሩንም ይረሳዋል።

አባቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። «በእርባታ ጣቢያዎ ጀርባ በተተከለው የጽሕፈት ቤታችን ካሜራ ፊት፣ ልጅዎ ሲጮኹ፣ ቡጢ ሲሰነዝሩና ማስታወቂያችንን ሲቀድዱ በፎቶግራፍ ስለተገኙ፣ ባለሙያችንን ከማስፈራራት እንዲታቀቡ እናሳስባለን። ግልባጭ፣ ለማኅደር!» ወረቀቱን ሳሙት። «ቡጢ! የእኔ ልጅ! እነዚያ ላይ!»

የሬዲዮ እጅ ውስጥ አንድ እንቁላል ፍርክስ አለ። ማንም ልብ አላለውም። እሱ ካሜራው ፊት የተናገረው የፍቅር ቃል ነበር።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። እርባታውንና የዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱን የሚለያቸው አንድ መንገድ ነው፤ ከሁለቱም ጀርባ ጫካው አለ። የሬዲዮ አባት ባለዶሮው፣ አራተኛውን የዶሮ ቤት ወደ ጫካው ገፋ አድርገው ሊሠሩ ሲሉ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «አይሆንም» ካሏቸው ወዲህ፣ ሁለቱ ሰዎች አፍ ለአፍ ተነጋግረው አያውቁም። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ ሌላውን ፊት ለፊት እያየው፣ ጸሐፊ ጠርቶ ደብዳቤ ያጽፋል። «መኪናዎ በራችንን ዘግቷል» የሚለው ደብዳቤ ቁጥር ወጥቶለት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በተላላኪ እጅ መንገዱን እስኪሻገር፣ መኪናው ዕቃውን አራግፎ፣ ሾፌሩ ምሳውን በልቶ ሄዷል።

ዶሮ መጥፋት ሲጀምር ባለዶሮው «ነብር ነው» ብለው ጻፉ። ነብር መሆን ነበረበት። እሳቸውን የሚያህል ሰው ዶሮ ከነብር ያነሰ ነገር እንዴት ይደፍረዋል? ኃላፊው ደግሞ «ያለማስረጃ የነብር ስም አይጥፋ» ብለው መለሱና፣ ማስረጃውን እንድታመጣ ባለካሜራዋን ላኩ። ባለካሜራዋ የራሳቸው የኃላፊው ልጅ ናት።

የዛን ቀን ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ቦት ጫማዋን ተጫምታ መጣች። ካሜራዋ ፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ፣ የቅጠል ቀለም የተቀባ ትንሽ ሳጥን ነው። ከሦስተኛው የዶሮ ቤት ጀርባ ባለ ዛፍ ግንድ ላይ በጉልበት ከፍታ በቀበቶ አሰረችው፤ ከበላዩ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ አይንኩ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች። ከዚያ ዞር ብላ ሬዲዮን ከላይ እስከ ታች አየችው። አባቱ «እየተከተልክ ሰልላት» ብለው የላኩት ሬዲዮ፣ ከዚያ እይታ የሚሸሸግበት አጣ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ?» አለችው። «በእጅና በእግርህ እየዳህክ ፊቱ እለፍልኝ። ከፍታው ትክክል መሆኑን ልየው።»

የባለዶሮው ብቸኛ ወራሽ ጭቃው ላይ በአራት እግሩ ዳኸ።

«ቀስ በል፣ ነብር አይቸኩልም» አለችው። ቀስ አለ። «አሁን ተመለስ።» ተመለሰ። «ጭንቅላትህን ዝቅ!» ዝቅ አደረገ። ሳጥኑን ከፍታ ፎቶውን ስታየው ሳቋ አመለጣት፤ በክፋት የተሳቀ ሳቅ አልነበረም። «ጎበዝ ነብር ነህ» አለችው። አንዳንዱን ሰው ፍቅር ሲደንስ ይይዘዋል፤ ሬዲዮን ሲድህ ያዘው።

መናገር ያልቻለው ታዲያ ፍቅሩን ብቻ አልነበረም። ሬዲዮ ሌባውን ያውቀው ነበር። ሸለምጥማጥ ነው። ሦስተኛው ቤት ጀርባ በተፈነቀለች አንዲት ሳንቃ ስር ዶሮ ነክሶ ሲሾልክ በዓይኑ በብረቱ አይቶታል። ሳንቃዋን ሊመታ መዶሻና ሚስማር ይዞ የወጣ ዕለት ነው ባለካሜራዋ የመጣችው። ሚስማሩን ኪሱ ከተተው። ሌባው ከታወቀ ካሜራው ይነቀላል፤ ካሜራው ከተነቀለ እሷ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ሳንቃዋ እንደተፈነቀለች ቀረች፤ ዶሮዎቹም አንድ በአንድ ተበሉ። ሬዲዮ የሟቾቹን ጓደኞች ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሷ ግን በመጣች ቁጥር «ዛሬም ግልጽ ፎቶ የለም» ትላለች፤ እሱም የሸለምጥማጡን ዕድል እያደነቀ ደስ ይለዋል።

ደስታው የተበላሸው አክስቱ፣ እንቁላል ሻጯ እትዬ፣ ወሬ ይዛ የመጣች ጊዜ ነው። «ይቺ ልጅ ልትዛወር ነው አሉ። ሩቅ ቅርንጫፍ። አባትየው ወረቀቱን አዘጋጅተዋል፤ የቀረው እሷ እሺ ማለቷ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእሷ መናገር ካቃተህ ለካሜራዋ ለምን አትነግረውም? የምታየው እንደሆነ እሷ ናት» አለችው።

«ይሰማል እንዴ?»

«ዛሬ ስልክ እንኳ ድምፅ በሚቀዳበት ዘመን! የመንግሥት ካሜራ ሆኖ?» አለች እትዬ፣ በሕይወቷ ካሜራ ነክታ የማታውቀው። የሚናገረውንም ራሷ ጽፋ ሰጠችው።

ሬዲዮ ሱሪውን ተኩሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ሄደ። ካሜራው ፊት ተንበርክኮ ተናገረ። የልቡን ሁሉ ተናገረ። ሲመለስ ቀሎት ነበር፤ የዛን ቀን ዶሮዎቹን ሁሉ አመሰገነ።

ባለካሜራዋ ፎቶው ያለበትን ካርድ ወሰደች። ሬዲዮ መልስ ጠበቀ። በሚቀጥለው ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ጠበቃት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «እንደምን ዋሉ» ብላው አለፈች። ዋሉ! ትናንት «ጎበዝ ነብር ነህ» ያለችው ልጅ ዛሬ አንቱ አለችው። ሬዲዮ ያን ዕለት እራት አልበላም። አልወደደችኝም አለ፤ እሱም ያባት ነው፣ ግን ምናለ በደህና ቋንቋ ብትነግረኝ?

እንግዲህ ደብዳቤው የመጣው በዚህ ላይ ነው። እንቁላሉን ከእጁ ሲጠርግ እትዬ ተጠግታው፣ «ለካ አይቀዳም እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ።

አባቱ ግን ክንፍ አውጥተዋል። የካሜራው ውጤት በሚገለጽበት ቀን ራሳቸው መንገዱን ተሻግረው፣ ጀግና ልጃቸውን አስከትለው ሊገኙ ወሰኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮን «ጌታው» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እድሜ ልኩን የአባቱን ምስጋና ሲመኝ ኖሯል፤ አሁን ሲያገኘው እንደ ሰው ልብስ ጠበበው። እውነቱን ቢያወጣ አባቱን ያጣል። ዝም ቢል እሷ እንደ ባለጌ አድርጋ እያሰበችው ትሄዳለች። የትኛው እንደሚብስ ሲያወጣና ሲያወርድ ቀኑ ደረሰ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ግድግዳው ላይ የጫካው ካርታ፣ መስኮቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ መጋረጃ፣ ፕሮጀክተሩ በፋይል ክምር ላይ። ኃላፊው ከጠረጴዛቸው ጀርባ፣ ባለዶሮው በሙሉ ልብስ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ ቢዘረጉ እጃቸው ይደራረሳል።

«እትዬ፣» አሉ ባለዶሮው፣ «ለኃላፊው ንገሪያቸው። መጥተናል።»

«ልጄ፣» አሉ ኃላፊው፣ «ለእንግዳው ንገሪልኝ። አይተናቸዋል።»

ባለካሜራዋ ሬዲዮን አላየችውም። ዓይኗ አብጦ ስለነበር እሱ ጉንፋን ይዟት መሰለው። መብራቱን አጠፋችና የመጀመሪያውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አወጣችው። ሳንቃ፣ ከሳንቃው ስር የወጣ ቀጭን ገላ፣ ረጅም ጭራ፣ አፉ ውስጥ ያለች ነጭ ዶሮ።

«ሸለምጥማጥ ነው» አለች።

ባለዶሮው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ነጠብጣብ አለው እኮ!»

«ሸለምጥማጥም ነጠብጣብ አለው።»

«ሕፃን ነብር ቢሆንስ?»

«አባባ፣ ሸለምጥማጥ ነው» አለች፤ እንደሚያሳዝኗት ሁሉ ድምጿ ለስልሶ።

«የእኔን ዶሮ… ሸለምጥማጥ!» ባለዶሮው ቁጭ አሉ። የዘመድ መርዶ የሰሙ ይመስሉ ነበር።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደስታቸውን ለመደበቅ ያደረጉት ጥረት ብዙም አልተሳካም። «እንግዲህ የነብር ስም ነጽቷል። ካሜራው ዛሬ ይነቀላል። ባለሙያዋም ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሩቁ ቅርንጫፋችን ተዛውራለች።»

ሰኞ። ሬዲዮ ወሬ ነው ብሎ ተስፋ ያደረገው ነገር ማኅተም ተመትቶበታል።

«ቆይ!» አሉ ባለዶሮው፤ የተሸነፈ ሰው እልህ ይዟቸዋል። «የልጄን ፎቶ አሳዩን! ምን እንዳላችሁ እኛም እንየው!»

«አባዬ፣ ይቅር» አለ ሬዲዮ። በክፍሉ ውስጥ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር፤ ማንም አልሰማውም።

ባለካሜራዋ ከንፈሯን ነከሰችና የፕሮጀክተሩን ቁልፍ ነካች። መጀመሪያ የተተኮሰ ሱሪ፣ ጉልበት ብቻ። ቀጥሎ ፊቱ ካሜራው ላይ ተለጥፎ፣ አፉ እስከ ጉሮሮው ተከፍቶ። ቀጥሎ ቡጢው ከአናቱ በላይ። ቀጥሎ በሁለት እጁ ወረቀት ሲቀድድ። ካሜራው እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ሦስት ያነሳና ትንሽ ያርፋል፤ ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም። ሬዲዮ ራሱን አየና ያየውን ሰው ፈራው።

«እዩልኝ! እዩልኝ!» አሉ አባቱ እያጨበጨቡ። «እዚህ ላይ ምን አልካቸው ጌታው? አንዷን ሳታስቀር ንገራቸው!»

ሬዲዮ አባቱን አየ። የፈነጠዘ ፊታቸውን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፣ በኋላ ግን አላዞረችም። ሊናገር ነው፣ አይናገርም፣ እትዬ ጣቷን ነክሳ ቀረች።

«እዚህ ላይ…» አለና ድምፁ ተሰበረ። ደግሞ ጀመረ። «እዚህ ላይ "እንደምን ነሽ" እያልኩ ነው። አፌን የከፈትኩት ቃሉ አልወጣ ብሎኝ ነው።»

«ቡጢውስ?» አሉ ኃላፊው፣ በአማላጅ መናገራቸውን ረስተው።

«ተርብ ነው። ጆሮዬ ላይ አርፎ።»

«ማስታወቂያችንን የቀደዱትስ?» አለች ባለካሜራዋ። ድምጿ ቀጭን ነበር።

«ማስታወቂያ አይደለም። አክስቴ የጻፈችልኝ ነው። "ጨረቃ የመሰልሽ" ይላል። አንቺ ጨረቃ አትመስይም፤ ለምን እዋሻለሁ ብዬ ቀደድኩት። ማስታወቂያው ከላይ እንዳለ ነው፣ ሂዱና እዩት።»

«ጨረቃ ምን አደረገችህ!» አለች እትዬ ከኋላ።

ባለካሜራዋ የሚቀጥለውን ፎቶ አወጣችው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ያሳያል። ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ቆም አለች። ከፎቶው ግርጌ ያለውን ሰዓት አየች፤ ወደ ፊተኛው ተመለሰች፤ ደግሞ አየች።

«መሀሉ ግማሽ ሰዓት ነው» አለች ለራሷ። «አልሄድክም። እዚያው ነበርክ።» ቀስ ብላ ዞረች። «ካሜራው ካልተንቀሳቀስክ አያነሳህም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳትነቃነቅ ምን ስትሠራ ነበር?»

«መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳወራሽ።»

«ምን ብለህ?»

ከዚህ በኋላ መመለሻ አልነበረም። ሬዲዮ ቆመ። ቃሉ መጣ፣ ለዶሮዎቹ እንደሚመጣለት ያለ ልመና መጣ።

«ነብር ነው በይ አልኩሽ። ነብር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገና ሳትመጪ ሸለምጥማጡን አይቼዋለሁ፤ የሚወጣባትን ሳንቃም አውቃታለሁ፤ ሚስማሩ ይኸው ኪሴ ነው። ግን አንቺ ነብር ነው ካልሽ ሥራው አያልቅም። ሥራው ካላለቀ ትቆያለሽ። ባትሪ ልትቀይሪ ስትመጪ እኔ ከመኖ መጋዘኑ መስኮት አይሻለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩሽ። ውሸቴን ነው፤ እፈልጋለሁ። እወድሻለሁ። ይህንንም ብያለሁ፤ ደጋግሜ።»



«ሚስማሩ…» አሉ ባለዶሮው፤ ከዚያ ሁሉ የያዙት ሚስማሩን ነው። «ኪስህ? ዶሮዎቼ አንድ በአንድ ሲያልቁ፣ ሚስማሩ ኪስህ?»

«አዎ አባዬ።»

«አንተ ከእንግዲህ ጌታው አይደለህም» አሉት። ሬዲዮ ይህን ቃል ጠብቆት ነበር። ጠብቆትም አመመው።

«የእኔስ ባትሪ!» ኃላፊው ከጠረጴዛቸው ጀርባ ተነሡ። «የእኔስ ነዳጅ! ለአንድ ሸለምጥማጥ ይህን ያህል ጊዜ!»

«እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ! ዶሮው የማን ነው?»

«ካሜራውስ የማን ነው?»

ሁለቱ ሽማግሎች ያለ ማኅተም፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ግልባጭ አፍ ለአፍ ገጠሙ። ያጠራቀሙት ብዙ ነበርና ማንም ሊያስቆማቸው አልቻለም። ባለካሜራዋ በመሀላቸው አልፋ በሩን ከፍታ ወጣች። ሬዲዮ ለአንድ አፍታ አመነታ። ከዚያ ተከተላት፤ ሳይጠራና ሳይላክ ሰው ሲከተል የመጀመሪያው ነበር።

ግቢው ውስጥ፣ የሠራተኞች ብስክሌት በሚቆምበት ጥላ ስር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ አገኛት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳት ብሎ ሊመለስ ሲል ዞር አለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ደግሞ እየሳቀች ነው።

«ያ ፎቶ፣» አለች ለመተንፈስ እየታገለች፣ «ሸለምጥማጡ… መቼ የተነሳ ይመስልሃል?»

ሬዲዮ አሰበ። ከግርጌው ሰዓትም ቀንም እንዳልነበረ ትዝ አለው።

«ቀኑን ቆርጬ ነው ያሳየሁት። የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ካርድ! እንደዚያ ጥርት ብሎ፣ ዶሮዋን ነክሶ። ከዚያ ወዲህ ለገዛ አባቴ "ግልጽ ፎቶ የለም" እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ።»

ሬዲዮ አፉን ከፈተ።

«እንደዚህ!» አለች በጣቷ እያሳየችው። «ልክ እንደዚህ ከፍተኸው አየሁና "ውጪልን" እያለኝ ነው አልኩ። የአባትህ ልጅ ነህ፣ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ምን ይለኛል አልኩ። ሌሊቱን ሳለቅስ አድሬ ጠዋት ዝውውሩን ፈረምኩ። እሺ ሳልል የከረምኩትን ዝውውር። ጅል ነኝ፣ አይደል?»

«አይደለሽም። ተርቡ ነው።»

ደግማ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ በየተራ ከፊታቸው ወረደ፤ ሰኞ ለሁለቱም ትዝ አላቸው።

«ብትነግሪያቸውስ?» አለ።

«አባቴ የፈረመውን አያነሳም። ነብር ቢያስፈራራውም አያነሳም።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሩቅ ነው፤ መኪናው ራሱ ሲሄድ ውሎ ያድራል። እዚያ ሄጄ ደግሞ የማላውቀው ዛፍ ላይ ካሜራ አስራለሁ፤ ማን ይድህልኛል?»

ከመስኮቱ የባለዶሮው ድምፅ ወጣ፤ «ይህ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ደጄን አይረግጥም!» ይላል። ሬዲዮ ወደ ድምፁ ዞረ። እድሜ ልኩን የፈራው ነገር ይኸው ተባለ፤ እሱም ይኸው ቆሟል። አባቱን እንደሚወዳቸው፣ ነገም እንደሚናፍቁት አወቀ፤ ልቡ ግን ወደኋላ አላለም።

«እኔም እመጣለሁ» አለ።

«የት?»

«የምትሄጅበት።»

«እብድ ነህ? እርባታው፣ አባትህ…» ፊቱን አጤነች፤ ቀልድ ፈልጋ አጣችበት። «እዚያ ምን ልትሠራ?»

«ዶሮ የሌለበት አገር አለ እንዴ?» አላት።

አንድ እርምጃ ቀረበችና እጁን ያዘችው። ጠዋት መኖ ሲያድል የቆየ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው የዶሮ ቤት ሽታ ያለው እጅ ነበር። አልለቀቀችውም።